የማንቱዋው ባለቅኔ ቪርጊል

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ዓመት፣ በሰሜን ኢጣልያ በማንቱዋ ከተማ አጠገብ፣ አንዴስ በምትባል መንደር ፑብልዮስ ቪርጊልዮስ ማሮ ተወለደ። ወላጆቹ ባላገሮች ነበሩ፤ ሆኖም ለልጃቸው ትምህርት አልሰሰቱምና በክሬሞና፣ በሚላኖ፣ በኋላም በሮማ እንዲማር አደረጉት። የንግግርን ጥበብ ቢማርም ለጥብቅና በፍርድ አደባባይ የቆመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ አንደበቱ ዝግተኛ፣ ጠባዩም ዓይነ አፋር ነበረና። ስለዚህ አደባባዩን ትቶ ወደ ናፖሊ ወረደና ሲሮን ከሚባለው መምህር ፍልስፍናን ተማረ።

ዘመኑ ግን የሰላም ዘመን አልነበረም። ዩልዮስ ቄሣር ከተገደለ በኋላ፣ ከልደት በፊት በ42 ዓመት፣ ኦክታቪያኖስና ማርቆስ አንቶንዮስ በፊልጵስዩስ ድል አደረጉ፤ ለወታደሮቻቸውም ዋጋ እንዲሆን የባላገሩን ርስት እየነጠቁ አደሉ። የክሬሞናና የማንቱዋ መሬትም ከዚሁ ውስጥ ነበረ። የጥንት ጸሐፊዎች እንደሚሉት የቪርጊል ርስት ደግሞ ተነጥቆ ነበር፤ በወዳጆቹ አማላጅነት ተመለሰለት። የዚያ ዘመን ኀዘን ኤክሎግ በተባሉት በዐሥሩ የእረኞች መዝሙሮቹ ውስጥ ይሰማል። በመጀመሪያው መዝሙር ሁለት እረኞች ይገናኛሉ። ቲቲሮስ በሮማ የሚኖር አንድ ወጣት ጌታ ስለ ማረው በዛፍ ጥላ ሥር ተጋድሞ ዋሽንቱን ይነፋል። መሊቦስ ግን ፍየሎቹን እየነዳ ከአገሩ ይሰደዳል፤ አንዲቱ ፍየል በመንገድ ስለ ወለደች መንታ ግልገሎቿን በባዶ ድንጋይ ላይ ጥሎ መጥቷል።

ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰርቪዮስ የተባለ የሮማ የሰዋስው መምህር፣ የእኛ የአንድምታ መምህራን እንደሚያደርጉት፣ ይህን ቅኔ በየቃሉ ተረጐመው። በቲቲሮስ ስም ቪርጊልን እንድንረዳ አስተማረ፤ ነገር ግን ምሥጢሩ በሚያስገድድበት ስፍራ እንጂ በሁሉ ቦታ እንዳይደለ አስጠነቀቀ። ቅኔ ቤት ለገባ ሰው ነገሩ ግልጥ ነው፤ ቲቲሮስና ወጣቱ ጌታ ሰም፣ ቪርጊልና ኦክታቪያኖስ ወርቅ መሆናቸው ነው። ችግሩ ግን ወርቁን ያገኘ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሰሙን መጣሉ ነው። መሊቦስ ወርቅ የለውም፤ ርስቱን ያጣ እረኛ ብቻ ነው። የመዝሙሩ እንባ ግን በእርሱ ዘንድ ነው። እኔ በማስተምርበት በናይሮቢ ይህን ለዕጩ መምህራን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ1919 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ የእንግሊዝ ወታደሮች በኬንያ ደጋ መሬት ሲታደል፣ የናንዲ ሕዝብ ከግጦሽ መሬቱ ከፊሉን ተነጥቋል። የዚያ አገር ልጅ መሊቦስ ማን እንደ ሆነ ያለ አስተርጓሚ ያውቃል።

ቪርጊል ከዚህ በኋላ በሜኬናስ ድጋፍ ስለ ግብርና፣ ስለ ከብትና ስለ ንብ የሚናገር በአራት መጻሕፍት የተከፈለ ቅኔ ደረሰ። ሲሠራ በጧት ብዙ ቤት አጽፎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያርምና ሲቀንስ ውሎ፣ ማታ ጥቂት ብቻ ያስቀር ነበር ይባላል። ኦክታቪያኖስ አውግስጦስ ቄሣር ተብሎ በነገሠ ጊዜ ኤኔይድ የተባለውን የጀግንነት ቅኔ በ12 መጻሕፍት ይጽፍ ነበር። ታሪኩ ከትሮያ ጥፋት ያመለጠው ኤንያስ ወደ ኢጣልያ መጥቶ ለሮማ መሠረት እንደ ጣለ ይናገራል። ወርቁ የአውግስጦስና የሮማ ክብር ነው። ሰሙ ግን በፍቅር ተከድታ ራሷን የገደለች የካርታጎ ንግሥት ዲዶ፣ በመጨረሻውም ገጽ ቆስሎና እጁን ዘርግቶ ምሕረት እየለመነ በኤንያስ ሰይፍ የሚሞተው ቱርኑስ ነው።

ዐሥራ አንድ ዓመት ደክሞበት ሥራው ሳይታረም፣ ከልደት በፊት በ19 ዓመት ወደ ግሪክ ሄደ። በዚያ ታሞ ከአውግስጦስ ጋር ሲመለስ በብሪንዲዚ ወደብ ሞተ፤ ዐፅሙም በናፖሊ ተቀበረ። ኤኔይድ እንዲቃጠል አስቀድሞ ለምኖ ነበር፤ ነገር ግን በአውግስጦስ ትእዛዝ ወዳጆቹ ቫርዮስና ቱካ አሰናድተው አወጡት። ያልተሞሉት ስንኞች ዛሬም እንደ ጎደሉ ይነበባሉ።

ቅኔዎቹ ገና እርሱ በሕይወት ሳለ በሮማ ተማሪ ቤት ገብተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ከአስተማሪ እጅ አልወጡም። ነገር ግን ሰሙን ጥሎ ወርቁን ብቻ የሚፈልግ አንባቢ ምን ያህል እንደሚሳሳት እኛ ኢትዮጵያውያን በመከራ አይተናል። በ1930 ዓ.ም. በአውሮጳ አቆጣጠር የልደቱ 2,000ኛ ዓመት በኢጣልያ ሲከበር ፋሺስቶች የግዛታቸው ነቢይ አደረጉት፤ በ1936 አዲስ አበባን በግፍ ይዘው የሮማ ግዛት ተመለሰ ብለው አወጁ። ከቪርጊል የወሰዱት የሮማን ክብር እንጂ የዲዶን ሞትና የቱርኑስን ልመና አልነበረም።

ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፣ የቪርጊልን መጽሐፍ በተማሪ ፊት ስንገልጥ ወጣቱ ጌታ ማን ነው ብለን አንጀምር። ከሁለቱ እረኞች በማግሥቱ አገር የሚያጣው ማን እንደ ሆነ፣ በድንጋይ ላይ የቀሩትስ ግልገሎች የማን እንደ ነበሩ አስቀድመን እንጠይቀው። ይህን የመለሰ ተማሪ ወርቁን በጊዜው ያገኘዋል።