ለእናት የተጻፈ ሕግ

ወይዘሪት ኤሊኖር ራትቦን እኛ ዘንድ ብዙም አይነሱም። ፋሺስት ጣሊያን በ1935 ሲወረን (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የራሳቸውን መንግሥት መለሳለስ በእንግሊዝ ፓርላማ ከነቀፉት አንዷ ግን እርሳቸው ነበሩ። ከ1929 እስከ ዕለተ ሞታቸው ምክር ቤት የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን መርጠዋቸው በግል ነው፤ የፓርቲ አለቃ አልነበረባቸውም።

ይበልጥ የሚታወቁት በልጆች አበል ነው። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሊቨርፑል ላይ ለዘማች ሚስቶች የሚከፈለውን ድጎማ ሲያስተባብሩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ገንዘቡ በቀጥታ እናት እጅ ሲገባ ልጆች ይጠግባሉ። ይህንኑ በ1924 በመጽሐፍ አወጡ፤ ከዚያ ሃያ ዓመት ሲሞግቱ ኖሩ። ከሠራተኛ ማኅበራት እንኳ ደመወዝ ያስቀንስብናል ብለው የፈሩ ብዙዎች ነበሩ።

በ1945 መንግሥት ረቂቁን ይዞ ሲቀርብ ተከፋዩ አባት ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ቃል ሕግ ውስጥ ምን እንደምትሠራ ሕግ የተማረ ያውቀዋል። ሕግ ያልተማሩት ራትቦንም አላጧትም፤ ዕድሜ ልካቸውን የለፉበትን ረቂቅ እንዲህ ከሆነ ተቃውመው ድምፅ እንደሚሰጡ አስታወቁ። ጉዳዩ ያለ ፓርቲ ትእዛዝ ለአባላቱ ኅሊና ተተወ። አባት ወጥቶ እናት ገባ።

አበሉ ለአንድ ልጅ በሳምንት 5 ሽልንግ ነበር፤ እርሱም ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ። በኩሩ የተዘለለው ወጪ ለመቆጠብ ነው፤ ለእኔ ይህ እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

ራትቦን በጃንዋሪ 1946 ዐረፉ። እናቶች የመጀመሪያውን ክፍያ ከፖስታ ቤት የተቀበሉት በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው።