ሃሪ ቫርደንና የሙያው ክብር

ጎልፍ በአገራችን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሚያውቀውም ቢሆን የባለጸጎች መዝናኛ አድርጎ የሚቆጥረው ጨዋታ ነው። ስለዚህ በሙያ ማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት ላይ የአንድ ጎልፍ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ይዤ መቅረቤ አንዳንድ ባልደረቦቼን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁን እንጂ የሃሪ ቫርደን ታሪክ፣ ከእጁ ጥበብ በቀር ሌላ ሀብት ያልነበረው አንድ የአትክልተኛ ልጅ ሙያውን እንዴት እንዳከበረ፣ ሙያውም በፈንታው ባለሙያዎችን ሁሉ እንዴት ለክብር እንዳበቃ የሚያስረዳ በመሆኑ፣ ባለሙያ ነኝ የሚልን ሁሉ ይመለከታል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መግለጫ ያስፈልገዋል። በገና ጨዋታ ሁለት ወገን ለአንዲት ሩር ይሻማል። በጎልፍ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ትንሽ ኳስ በዱላ እየመታ፣ በሰፊ መስክ ላይ ተራርቀው በተቆፈሩ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ያስገባል። ጨዋታውን በጥቂት ምት የፈጸመ ያሸንፋል። ኳሷን የሚሻማ፣ ተጫዋቹን የሚገፋም የለም። በመሆኑም የተሸነፈ ሰው ሽንፈቱን የሚያሳብብበት አያገኝም።

ሃሪ ቫርደን እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 1870 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው በጀርዚ ደሴት፣ ግሩቪል በተባለ ቀበሌ ተወለደ። አባቱ አትክልተኛ ነበር። ልጁ የ8 ዓመት ዕድሜ ላይ ሳለ ጥቂት እንግሊዛውያን መጥተው በመንደሩ የግጦሽ መስክ ላይ የጎልፍ ሜዳ ቀየሱ። የመንደሩ ልጆችም ለተጫዋቾቹ ዱላ እየተሸከሙ ጨዋታውን በዓይናቸው ተማሩ። የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ከዛፍ ቅርንጫፍ ዱላ ጠረቡ፤ በኳስ ፈንታ ነጭ ብይ ያዙ፤ የራሳቸውንም ትንሽ ሜዳ አበጁ። ቫርደን ግን ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ በሰው ቤት አገልጋይነት፣ ኋላም እንደ አባቱ በአትክልተኛነት ተቀጠረ። በእነዚያ ዓመታት ጎልፍ የሚጫወተው አልፎ አልፎ፣ የዕረፍት ቀን ሲያገኝ ብቻ ነበር።

ዕድሉን የለወጠው ታናሽ ወንድሙ ቶም ነው። ቶም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በጎልፍ መተዳደር ጀመረ፤ ወንድሙም ከእርሱ የማያንስ ችሎታ እንዳለው ስለሚያውቅ ሃሪ በ1890፣ በ20 ዓመቱ፣ በሰሜን እንግሊዝ ሪፐን አጠገብ ባለ አነስተኛ ክበብ ሥራ አገኘ። ከዚያም ወደ በሪ፣ በ1896 ደግሞ በዮርክሻየር ወደሚገኘው ወደ ጋንተን ክበብ ተዛወረ።

በዚያ ዘመን የጎልፍ ባለሙያ ማለት ሣር የሚንከባከብ፣ ዱላ የሚጠግን፣ ኳስ የሚሸጥ፣ አባላቱን የሚያስተምርና የሚያጫውት ቅጥር ሠራተኛ ነበር። ሻምፒዮን እንኳ ቢሆን የክበቡ ቤት እንግዳ ሆኖ በፊት ለፊት በር አይገባም፤ ከአባላቱም ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም። በውጤት ሰሌዳ ላይ ያለ ክፍያ የሚጫወተው አማተር ከነማዕረግ መጠሪያው ሲጻፍ፣ ባለሙያው በስሙ ብቻ ይጻፍ ነበር። በሥራው ኑሮውን ማግኘቱ እንደ ጉድለት ይቆጠርበት ነበር ማለት ነው።

ቫርደን በዚህ ዓለም ውስጥ ይዞት የመጣው አዲስ ነገር የዱላ አወዛወዙ ነው። እኔን እንደ መሐንዲስ የማረከኝም ይኸው ነው። የዱላው ጫፍ ኳሷን ነክቶ የሚቆይበት ጊዜ የአንድ ሴኮንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት እጅ ሊያርመው የሚችል ነገር የለም። የኳሷ አቅጣጫ፣ ከፍታና ፍጥነት የሚወሰነው ዱላው ወደ ኋላ ከተነሣበት ጀምሮ በተደረገው ዝግጅት ሁሉ ነው። በተጨማሪም የዚያ ዘመን የዱላ ዘንግ ሂኮሪ ከሚባል እንጨት የሚሠራ ነበር። እንጨቱ ጠንካራ ቢሆንም፣ በድንገት በጉልበት ሲገፋ በራሱ ዙሪያ ይጠመዘዛል፤ ያን ጊዜ የዱላው ፊት ከታለመበት አቅጣጫ ዞሮ ኳሷን ያገኛታል። ስለዚህ ሂኮሪ የሚታዘዘው፣ ኃይሉን ቀስ በቀስ እያሳደገ በለሰለሰ እንቅስቃሴ ለሚሠራ ሰው ነው።

ቫርደን ይህን ከየትኛውም የመካኒክስ መጽሐፍ አልተማረውም። ነገር ግን የቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ዱላውን በሰውነታቸው ዙሪያ ዝቅ አድርገው በኃይል ሲያዞሩት፣ እርሱ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣው ጀመር። ከዚህ የተነሣ ኳሷ ከፍ ብላ በርራ በቁልቁለት ትወርዳለች፤ መሬት ስትነካም ብዙ ሳትንከባለል ትቆማለች። የሌሎቹ ኳስ ካረፈ በኋላ እንደ መሬቱ ጠባይ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ፣ የእርሱ ኳስ ባሰበላት ስፍራ ትቀር ነበር። ዱላውን ሲይዝም የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት በግራ እጁ ጣቶች ላይ ደርቦ ሁለቱ እጆች እንደ አንድ እጅ እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። ይህን አያያዝ ከእርሱ በፊት የተጠቀሙበት ሰዎች አሉ፤ ቢሆንም በዓለም ሁሉ ያስፋፋው እርሱ በመሆኑ እስከ ዛሬ በቫርደን ስም ይጠራል። ጠዋት በተጫወተበት ሜዳ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ኳሱ ዱላው ጠዋት በፈነቀለው ሣር ጉድጓድ ውስጥ ትወድቅበት ነበር የሚል ወግ አለ። ወጉ የተጋነነ ነው፤ ሆኖም የተጋነነው ስለ ጉልበቱ ሳይሆን ስለ ትክክለኛነቱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ስለ ቫርደን ባነበብሁ ቁጥር ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በመጀመሪያ በተመደብሁበት የግንባታ ሥራ ያየሁት አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ትዝ ይለኛል። ጎረምሶቹ በመዶሻ ሲደበድቡ ይውላሉ። እርሳቸው ድንጋዩን አገላብጠው ካዩ በኋላ መሮአቸውን አንድ ቦታ ያሳርፉና ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ድንጋዩ በፈለጉት መሥመር ይከፈላል። ማታ ሲቆጠር የእርሳቸው ድንጋይ ይበልጣል። ሙያ ሲበስል ትርፍ እንቅስቃሴ ከእጅ ላይ ይራገፋል።

ቫርደን በ1896 ሚውርፊልድ ላይ በተደረገው የብሪታንያ ክፍት ሻምፒዮና፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ተከታትሎ ካሸነፈው ከጆን ሄንሪ ቴይለር ጋር እኩል በ316 ምት ጨረሰ። በመለያው ግጥሚያ 157 ለ161 በሆነ ውጤት አሸንፎ የመጀመሪያውን ሻምፒዮናነት አገኘ። በ1898 እና በ1899ም ደገመው። ቴይለር፣ ቫርደንና ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሬይድ ከ1894 እስከ 1914 ከተደረጉት 21 ሻምፒዮናዎች 16ቱን ለሦስት ተካፈሏቸው።

በ1900 አንድ የስፖርት ዕቃ አምራች ኩባንያ በቫርደን ስም የተሠራች ኳስ እንዲያስተዋውቅለት አሜሪካን አዞረው። በዚያው ጉዞ በቺካጎ አቅራቢያ የአሜሪካን ክፍት ሻምፒዮና አሸነፈ። ነገር ግን ኳሷ ጉታ ፐርቻ ከሚባል ጠንካራ የዛፍ ሙጫ የተሠራች ነበረች። በዚያው ጊዜ በተወጠረ የጎማ ክር የተጠቀለለ አዲስ ኳስ በአሜሪካ ብቅ ብሎ ስለነበር፣ የጉታ ፐርቻ ዘመን ብዙ ሳይቆይ አከተመ። በ1902 ሳንዲ ኸርድ በአዲሱ ኳስ ተጫውቶ የብሪታንያን ሻምፒዮና ሲያሸንፍ፣ በአሮጌው የጸናው ቫርደን በአንድ ምት ተቀደመ። የማቴርያል ለውጥ የጌታን እጅ እንኳ እንደማያከብር እኛ መሐንዲሶች በሚገባ የምናውቀው ነው። ቫርደን አዲሱን ኳስ አልወደደውም፤ ቢሆንም አጠናው፤ ኋላም ለመደበት።

ከዚህ የከበደ ፈተና የመጣው በ1903 ነው። በፕሬስትዊክ ለአራተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሲሆን በሳምባ ነቀርሳ ታሞ፣ ለመቆም እንኳ አቅም አንሶት ነበር። ስድስት ምት ዘግይቶ ሁለተኛ የወጣው ያ ከጀርዚ ያወጣው ወንድሙ ቶም ነው። ቫርደን ከድሉ በኋላ በኖርፎክ ሙንድስሊ በሚገኝ የነቀርሳ መታከሚያ ቤት ገባ። መድኃኒት ባልተገኘበት በዚያ ዘመን ሕክምናው ዕረፍትና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር። ከሞት ቢተርፍም ከዚያ ወዲህ የቀኝ እጁ በአጭር ምት ጊዜ በድንገት ይደነግጥበት ጀመር። ከሩቅ መትቶ ከጉድጓዱ አጠገብ የሚያሳርፋትን ኳስ ከሁለት ክንድ ርቀት ይስታት ነበር። በዓለም ላይ ከማንም የበለጠ የተካነ እጅ ቀላሉን ሥራ እንቢ ሲል፣ ያውም በሺህ በሚቆጠር ተመልካች ፊት፣ ምን ያህል እንደሚያም መገመት አያዳግትም። ቫርደን ግን ዱላ አልሰበረም፤ ማንንም አልወቀሰም። የማይታዘዘውን ትቶ የሚታዘዘውን ምት ይበልጥ አሻሻለ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ በ1911፣ በ41 ዓመቱ፣ አምስተኛውን፣ በ1914 ደግሞ ስድስተኛውን የብሪታንያ ሻምፒዮና አሸነፈ። ስድስት ጊዜ ያሸነፈ ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጠባዩን ይበልጥ የሚገልጹት ግን ሁለት ሽንፈቶች ናቸው። በ1913 ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን ላይ በተደረገው የአሜሪካ ሻምፒዮና ቫርደንና የጀርዚው አገሩ ልጅ ቴድ ሬይ፣ ፍራንሲስ ዊሜት ከተባለ የ20 ዓመት አማተር ጋር እኩል በ304 ምት ጨረሱ። ወጣቱ እንደ ቫርደን ሁሉ በልጅነቱ ዱላ ተሸካሚ የነበረ ሲሆን፣ የእርሱን ዱላ የሚሸከምለትም የ10 ዓመት ሕፃን ነበር። በማግሥቱ በመለያው ግጥሚያ ዊሜት 72፣ ቫርደን 77፣ ሬይ 78 ሆኑ። ቫርደን በብዙ ሕዝብ ፊት በአንድ ልጅ መረታቱን በጨዋነት ተቀበለ።

ሁለተኛው በ1920 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በቶሊዶ ከተማ፣ በኢንቨርነስ ክበብ የሆነው ነው። ቫርደን 50 ዓመት ሞልቶታል። ጥቂት ጉድጓዶች ሲቀሩ በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበር። በዚያን ሰዓት ከኢሪ ሐይቅ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። የደከመ ሰውነቱ ከነፋሱ ጋር ሲታገል፣ የቀኝ እጁም በአጭር ምት ሲከዳው፣ ብልጫው በየጉድጓዱ አለቀ። ሬይ በ295 ሲያሸንፍ ቫርደን በ296 ቀረ።

ይሁን እንጂ በዚያው ሳምንት ከዋንጫው የሚበልጥ ነገር ተፈጽሟል። የኢንቨርነስ ክበብ ለውድድሩ የመጡትን ባለሙያዎች የቤቱን በር ከፍቶ እንደ እንግዳ ተቀበላቸው። በታላቅ ሻምፒዮና እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። ባለሙያዎቹም ገንዘብ አዋጥተው ለክበቡ ትልቅ የቁም ሰዓት በስጦታ አበረከቱ።

ያ በር በአንድ ቀን አልተከፈተም። በ1901 በእንግሊዝ የጎልፍ ባለሙያዎች መተዳደሪያቸውን ለማስጠበቅ ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ንግግር አዋቂው ቴይለር ሊቀ መንበራቸው ሆነ። ዝምተኛው ቫርደን የመድረክ ሰው አልነበረም። የእርሱ ድርሻ ለማኅበሩ ጥያቄ መተማመኛ የሚሆን ሥራ ማቅረብ ነበር። በሄደበት ሁሉ ከረባቱን አስሮ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ዳኛውንና ባላጋራውን አክብሮ፣ የሚቻለውን ሁሉ አሟልቶ ይጫወት ነበር። እርሱን ያየ ክበብ ባለሙያን በጓሮ በር ማስገባት ማሳፈሩ አልቀረም። የሥራው ምስክርነት ባይኖር የማኅበሩ ደብዳቤ ሰሚ ባላገኘ፤ ማኅበሩም ባይኖር የቫርደን ክብር ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ ስጦታ ሆኖ በቀረ ነበር።

ቫርደን በሰሜን ለንደን ቶተሪጅ በሚገኘው የደቡብ ኸርትፎርድሻየር ክበብ ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግሎ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1937 አረፈ። እስከ መጨረሻው ዘመኑ በክበቡ ባለሙያነት እንደ ተቀጠረ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር በዓመቱ ውስጥ ዝቅተኛ አማካይ ምት ላስመዘገበ ባለሙያ የሚሰጥ ሽልማት በስሙ ሰየመ። ሽልማቱ የሚሰጠው ለአንድ ቀን ዕድል ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ለዘለቀ አማካይ ውጤት መሆኑ ለቫርደን ተገቢ መታሰቢያ ይመስለኛል።

የሂኮሪ ዘንግ ከ1920ዎቹ ወዲህ ለብረት ቦታውን ለቅቋል፤ ጉታ ፐርቻም በሙዚየም ቀርቷል። የእኛም መሣሪያዎች እንዲሁ ያልፋሉ። እኔ ራሴ በተማሪነቴ የተመካሁበትን የሥሌት ዘዴ ዛሬ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ አይጠቀሙበትም። የአባልነት መታወቂያችንን በየዓመቱ ስናሳድስ፣ በሥራችን ቦታ የቀረጽነው ድንጋይ ለዚያ መታወቂያ መስካሪ ይሁን አይሁን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።