ቅዱስ ፖሊካርፖስና የሰማዕትነት ትርጓሜ

ሰማዕት ማለት ሞትን የሚሻ ሰው ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። የሰምርኔስ ኤጲስ ቆጶስ የቅዱስ ፖሊካርፖስ ታሪክ ግን ይህን አሳብ ያፈርሰዋል።

ፖሊካርፖስ በትንሿ እስያ መንጋውን እየጠበቀ እስከ ሽምግልና የደረሰ አባት ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ155 ዓመት ገደማ በሰምርኔስ ስደት በተነሣ ጊዜ፥ ኵንጦስ የሚባል የፍርግያ ሰው ማንም ሳይጠራው ራሱን ለፈራጆች አቀረበ፤ ሌሎችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ አደፋፈረ። ነገር ግን አራዊቱን ባየ ጊዜ ፈርቶ ለጣዖት ሠዋ።

ሽማግሌው ጳጳስ ግን ወዳጆቹ ቢለምኑት ከከተማ ወጥቶ በገጠር ተቀመጠ፤ በዚያም ሌሊትና ቀን ስለ ሰው ሁሉ ይጸልይ ነበር። ፈላጊዎቹ በቀረቡ ጊዜም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። በመጨረሻ ሲደርሱበት ግን ነገሩን ለእግዚአብሔር ፈቃድ ትቶ ሳይሸሽ ቀረ፤ ለያዦቹም ማዕድ አስቀረበላቸው፤ የጸሎት ጊዜም ለመናቸው። አገረ ገዢው ክርስቶስን ቢሰድብ ሊለቀው ወደደ፤ እርሱ ግን 86 ዓመት ያገለገለውንና አንዳች ያልበደለውን ንጉሡን መካድ እንደማይቻለው ገልጾ፥ በእሳት መካከል ታስሮ ቆመ፤ በስለትም ተወግቶ ዐረፈ።

የሰምርኔስ ክርስቲያኖች ይህን በመልእክት ሲጽፉ፥ ራሳቸውን በፈቃዳቸው ለሞት የሚያቀርቡትን እንደማያመሰግኑ አስታወቁ።

ኵንጦስ ሞትን ሲሻ ሃይማኖቱን ጣለ፤ ፖሊካርፖስ አገልግሎቱን ሲጠብቅ ሰማዕትነት ካለበት መጣለት። በቤተ ክህነትም ሆነ በመንግሥት ሥራ አደራ የተቀበለ ሰው ክብሩ አደጋን በመፈለግ ሳይሆን፥ አደጋ በመጣ ጊዜ አደራውን ባለመጣል ነው።