በፀጉር ዘለላ የአየርን እርጥበት የለኩት ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር

የቤት ውስጥ አየር ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ የሚያሳየው ሃይግሮሜትር የተባለው መሣሪያ ዛሬ በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ዕቃ ነው። ቁጥር ያሳያል፤ ገዢውም ቁጥሩን ያምናል። ይህ ቁጥር እምነት እንዲጣልበት ካደረጉት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደሙ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት የጄኔቫው ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሱር ናቸው።

ሶሱር የተወለዱት እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1740 በጄኔቫ አቅራቢያ በምትገኘው ኮንሽ ነው። ጄኔቫ በዚያ ዘመን ገና የስዊዘርላንድ ክፍል አልሆነችም፤ ራሷን የቻለች ሪፐብሊክ ነበረች። አባታቸው ኒኮላ ስለ ግብርና የጻፉ ሰው ሲሆኑ፣ የእናታቸው እህት ባል ሻርል ቦኔ ደግሞ በአውሮፓ የታወቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበሩ። ወጣቱ ሶሱር በእነዚህ ሰዎች መካከል አድገው በቅድሚያ ያዘነበሉት ወደ ዕፀዋት ነው። የመጀመሪያ ጥናታቸውም የቅጠልንና የአበባን ልባስ የሚመለከት ነበር። በ1762፣ ገና በ22 ዓመታቸው፣ በጄኔቫ አካዳሚ የፍልስፍና መምህር ሆነው ተሾሙ።

ይሁን እንጂ ልባቸውን የማረከው ተራራ ነው። በ1760 ወደ ሻሞኒ ሸለቆ በተጓዙ ጊዜ የሞን ብላንን ጫፍ አይተው፣ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ለሚያገኝ ሰው ሽልማት እንደሚሰጡ አስታወቁ። መንገዱ እስኪገኝ 26 ዓመታት አለፉ። እርሳቸው ግን በእነዚያ ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በየጊዜው አልፕስን እያቋረጡ ድንጋዩን፣ በረዶውንና አየሩን መረመሩ።

በጉዞዎቻቸው ሁሉ ባሮሜትርና ቴርሞሜትር አይለዩአቸውም ነበር። የአየር ግፊትና ሙቀት በሁለቱ በአግባቡ ይለካሉ። የእርጥበት ነገር ግን ገና መላ አልተገኘለትም ነበር። ከእርሳቸው በፊት ሰዎች እርጥበት ሲነካው የሚኮማተር ገመድ፣ ውሃ ሲመጥ ክብደቱ የሚጨምር ስፖንጅ፣ የሚያብጥ እንጨት ሞክረዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሲናርን ጢም ተጠቅመዋል። በስንዴው መካከል ሲናር እየበቀለ የሚያስቸግረው ገበሬ ይህ ጢም ሲደርቅ እንደሚጠመዘዝ፣ ሲርስ ደግሞ እንደሚፈታ ያውቀዋል። እነዚህ ሁሉ አየሩ ከትናንት ይልቅ ዛሬ እርጥብ መሆኑን ይናገራሉ። በአንድ ከተማ የተሠራው መሣሪያ በሌላው ከተማ ከተሠራው ጋር ግን አይስማማም፤ ስለዚህ የአንዱን ሰው ምልከታ ከሌላው ጋር ማስተያየት አይቻልም ነበር።

ሶሱር መፍትሔውን ያገኙት በሰው ፀጉር ውስጥ ነው። ፀጉር እርጥብ አየር ሲያገኘው ይረዝማል፣ ደረቅ አየር ሲያገኘው ያጥራል። ለውጡ ጥቂት ነው፤ ፍጹም ከደረቀ አየር ወደ ሙሉ እርጥበት ሲሸጋገር ከመቶ ሁለት እጅ ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። 25 ሳንቲሜትር የሚረዝም ዘለላ የሚለወጠው በ5 ወይም በ6 ሚሊሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ፀጉሩ በተፈጥሮው ቅባት ስላለው በመጀመሪያ በሶዳ ውሃ ተቀቅሎ ይጸዳል። ከዚያ አንዱ ጫፍ ይታሰርና ሌላው ጫፍ በትንሽ መዘውር ላይ ይጠቀለላል፤ ቀላል ክብደት ወጥሮ ይይዘዋል። መዘውሩ ሲዞር ከእርሱ ጋር የተያያዘው ቀስት በክብ ሰሌዳ ላይ ይንቀሳቀሳል።

ትልቁ ሥራቸው ግን ፀጉሩን መምረጣቸው አይመስለኝም። መሣሪያው የሚፈተንባቸውን ሁለት የታወቁ ነጥቦች ማበጀታቸው ነው። መሣሪያውን በትልቅ ብርጭቆ ከድነው፣ በውስጡ በእሳት ግሎ እርጥበትን የሚመጥ ፖታሽ በማስቀመጥ አየሩን እስከ መጨረሻው አደረቁ፤ ቀስቱ የቆመበትን ቦታ 0 አሉት። ቀጥሎ የብርጭቆውን ግድግዳ በውሃ አርሰው አየሩ ከዚያ በላይ እንፋሎት መያዝ እስኪያቅተው ጠበቁ፤ ያንን 100 አሉት። በዚህ መንገድ የተፈተነ መሣሪያ የትም ቢሠራ ከሌላው ጋር ይነጋገራል። ይህን ሁሉ በ1783 ባሳተሙት የእርጥበት ልኬት መጽሐፍ ዘርዝረው አቀረቡ።

መጽሐፉ ጠብ ቀሰቀሰ። ሌላው የጄኔቫ ተወላጅ ዣን አንድሬ ደሉክ በመጀመሪያ በዝሆን ጥርስ፣ ኋላም ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚወጣ ተጣጣፊ ነገር የራሳቸውን ሃይግሮሜትር ሠርተው ነበርና የፀጉሩን መሣሪያ አጥብቀው ተቹ። ሶሱር በ1788 መሣሪያቸውን የሚከላከል ጽሑፍ አሳተሙ። ክርክሩ ስለ ዕቃ ብቻ አልነበረም። ሶሱር እንፋሎት፣ ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ሁሉ፣ በአየር ውስጥ ይሟሟል ሲሉ፣ ደሉክ እንፋሎት ከአየሩ ራሱን የቻለ ነገር ነው ይሉ ነበር። በዚህኛው ነጥብ የኋላው ሳይንስ ወደ ደሉክ አዘንብሏል። በመሣሪያው ግን የሶሱር ፀጉር አሸንፎ በአየር ጠባይ ጣቢያዎችና በቤተ መዘክሮች እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገልግሏል።

የፀጉሩ መሣሪያ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። ኋላ ፈረንሳዊው ጌይ ሉሳክ በጥንቃቄ ሲመረምሩት፣ አየሩ ሊይዝ ከሚችለው እንፋሎት ግማሹን ብቻ በያዘበት ጊዜ ቀስቱ 50 ላይ ሳይሆን 72 ገደማ ላይ ይቆማል። ሁለቱ ጫፎች ትክክል ሆነው መካከሉ ሊያሳስት ይችላል።

ዛሬ ለቤት የሚሸጡት መሣሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል፤ ባለ ቀስቱና ባለ ዲጂታሉ። ባለ ዲጂታሉ በውስጡ ውሃ ሲመጥ የኤሌክትሪክ ጠባዩ የሚለወጥ ስስ ንጣፍ አለው። ምላሹም አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ነው። የትኛውም ቢገዛ ግን በሶሱር መንገድ ከመፈተን የሚያመልጥበት ምክንያት የለም። ፈተናው በቤት ይቻላል። በትንሽ ክዳን ላይ የገበታ ጨው አድርጎ፣ ጨው ሳይሟሟ እንዲረጥብ ብቻ ጥቂት ውሃ ማንጠባጠብ፤ ከመሣሪያው ጋር በሚገጥም ማሰሮ ወይም አየር በማያሳልፍ ከረጢት ዘግቶ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ማሳደር ነው። ጨዋማው ውሃ መሣሪያውን እንዳይነካው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በውስጡ ያለው አየር 75 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል። መሣሪያው 70 ካለ በዚያ አካባቢ 5 እያጎደለ መሆኑ ታወቀ። አምስት ብር ለማይሞላ ጨው ሲባል ሳይፈትኑ መግዛትን ምን አመጣው?

ገዢው ምን ሊለካ እንደፈለገም አስቀድሞ መለየት አለበት። ሃይግሮሜትር የሚለካው አየርን ነው፤ ግድግዳ አይለካም። ለግድግዳና ለእንጨት ሁለት መርፌ ያለው፣ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እያሳለፈ እርጥበትን የሚገምት ሌላ መሣሪያ አለ። ይህም በግድግዳ ውስጥ ጨው ካገኘ ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የደረቀውን ቦታ ከእርጥቡ ጋር ለማነጻጸር እንጂ ለብቻው ለመፍረድ አይበጅም። ሌሊቱ በሚበርድባቸው ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ በክፍሉ መካከል 60 የሚያሳይ አየር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ግድግዳ ዘንድ ሲደርስ ሻጋታ ለማብቀል የሚበቃ እርጥበት ይሆናል። መሣሪያውን እዚያ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ጎተራ ውስጥ የሚያስቀምጥ ገበሬም ቢሆን 65 የሚለው ቁጥር የአየሩ እንጂ የእህሉ እንዳልሆነ ይወቅ፤ በቆሎ በደህና የሚከማቸው የራሱ እርጥበት 13 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው፣ ለዚህም የእህል እርጥበት መለኪያ የሚባለው ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱን ቁጥሮች ማምታታት እህልን ለሻጋታና ለአፍላቶክሲን ይዳርጋል።

ወደ ሶሱር ስንመለስ፣ ዣክ ባልማና ሚሼል ፓካር በነሐሴ 1786 ሞን ብላንን ከወጡ በኋላ እርሳቸውም በነሐሴ 3 ቀን 1787፣ በ47 ዓመታቸው፣ 18 መንገድ መሪዎችን አስከትለው ጫፉ ላይ ደረሱ። ባለቤታቸው አልበርቲን ከሻሞኒ ሆነው በመነጽር ይከታተሏቸው ነበር። ሶሱር በዚያ ከአራት ሰዓት በላይ ቆይተው ትንፋሽ እያጠራቸው ሲለኩ ዋሉ። ሃይግሮሜትሩም የጫፉ አየር ከጄኔቫው እጅግ የደረቀ መሆኑን አሳየ፤ ተጓዦቹን ያቃጠላቸውን ጥምም በዚህ ድርቀት ተረጎሙት። በቀጣዩ ዓመት ከልጃቸው ከቴዎዶር ጋር ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ኮል ዱ ዤያን ለ17 ቀናት ሰፍረው ልኬታቸውን ቀጠሉ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከበዱባቸው። የፈረንሳይ አብዮት ያመጣው ቀውስ ሀብታቸውን በላው፤ በ1794 ደግሞ ሽባነት ያስከተለ ሕመም ጣላቸው። እንዲያም ሆኖ የአልፕስ ጉዞዎቻቸውን የያዘውን ባለ አራት ቅጽ ሥራ በ1796 አጠናቀቁ። ጥር 22 ቀን 1799 በ58 ዓመታቸው አረፉ። በዚያ በረዷማ መተላለፊያ አብሯቸው የለካው ቴዎዶር በ1804 ባሳተመው መጽሐፍ ተክል ከአየርና ከውሃ ምን ያህል አካሉን እንደሚገነባ በሚዛን አሳይቷል። በግብርና ኮሌጅ ስለ ተክል አመጋገብ የተማርን ሁሉ፣ ስሙን ባናስታውሰውም፣ የዚህ ልጅ ሥራ ደርሶናል።