ድሜጥሮስና ባሕረ ሐሳብ

ድሜጥሮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ189 ዓ.ም. የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። አስቀድሞ ያልተማረ የወይን አትክልተኛ ስለ ነበረ ሹመቱን የናቁ እንደ ነበሩ ይተረካል። በዚያ ዘመን የፋሲካን ቀን መወሰን ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነውና።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ያስማማውን ባሕረ ሐሳብ የድሜጥሮስ ድርሰት ነው ይላሉ። በዚህ ስሌት የ11 ቀኑ ልዩነት በየዓመቱ ይደመራል፤ ከ30 ሲያልፍ 30ው ተገድፎ ትርፉ አበቅቴ ይባላል፤ 19 ዓመት ሲፈጸም ቈጠራው እንደ ገና ይጀመራል። መደመርና መግደፍ የሚችል ሁሉ ይህን የሰማይ ምሥጢር ሊያሰላ ይችላል።

ዛሬም ከሰሜን ተራሮች እስከ ሞያሌ ጠረፍ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ፋሲካን በአንድ ቀን የሚያከብሩት በዚሁ ስሌት ነው።