ፍርሃትን የመረመረ ሐኪም፤ የፍራንዝ ፋኖን ሕይወት

ፍርሃት ከሰው ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው። አራዊት በሚበዙበት ዱር የሚያልፍ መንገደኛ ቢፈራ፣ ፍርሃቱ ሕይወቱን ይጠብቅለታል እንጂ አያሳፍረውም። ነገር ግን በዘመናችን ከተማ ውስጥ አውሬ ሳይታይ፣ ጦር ሳይመዘዝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፣ ቀን ልብን የሚያስመታ፣ ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን ይህ ነው ተብሎ የማይነገር ሌላ ዐይነት ፍርሃት አለ። ጭንቀት የምንለው ይኸው ነው። ይህ ጭንቀት ከወዴት ይመጣል? ከሰውየው አእምሮ ነውን? ወይስ ሰውየው ከሚኖርበት ኅብረተሰብ? ይህን ጥያቄ በሕክምና ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በሥነ ልቡና፣ በፍልስፍናና በኅብረተሰብ ጥናት ጭምር ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ፍራንዝ ፋኖን ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ስለ ፋኖን ስንጽፍ ከተማችንን ስለማያውቅ ሰው መጻፋችን አይደለም። በሰኔ ወር 1952 ዓ.ም. ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች በአዲስ አበባ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ፣ ለነፃነቷ ትዋጋ ከነበረችው ከአልጄሪያ መልክተኞች መካከል ይህ ሐኪም ነበረበት። የዛሬው ወጣት ልደታ ሲባል ፍርድ ቤቱንና ረጃጅሞቹን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ያስታውስ ይሆናል። በዚያ ዘመን ግን የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ገና ሥራ ስላልጀመረ የአገሪቱ የአየር በር ልደታ ነበረ። ባለታሪኩ የኖረው በውጭ አገር ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ፋኖን ጁላይ 20 ቀን 1925 በካሪብያን ባሕር ውስጥ በምትገኘው፣ በፈረንሳይ ግዛት ሥር ባለችው በማርቲኒክ ደሴት፣ ፎር ደ ፍራንስ በተባለው ከተማ ተወለደ። የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ በባርነት ከተጋዙት ሰዎች ይመዘዛል። አባቱ የጉምሩክ ሠራተኛ፣ እናቱ ባለ ሱቅ ስለ ነበሩ ልጁ ደኅና ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ትምህርት ቤት የታወቀው ባለቅኔ ኤሜ ሴዜር ያስተምር ነበር። ወጣቱ ፋኖን በፈረንሳይኛ ተምሮ፣ የፈረንሳይን ታሪክ እንደ ራሱ ታሪክ አጥንቶ፣ ራሱን ከፈረንሳውያን እንደ አንዱ ይቈጥር ነበር።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜም ይህ እምነቱ ወደ ጦር ሜዳ መራው። በ1943፣ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው፣ ለነፃይቱ ፈረንሳይ ለመዋጋት በድብቅ ባሕር ተሻግሮ ዶሚኒካ ወደምትባለው ጎረቤት ደሴት ሄደ። ኋላም ከወታደሮች ጋር ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ከዚያም ወደ ፈረንሳይ ምድር ተሻገረ። በ1944 መጨረሻ በምሥራቅ ፈረንሳይ በተደረገው ውጊያ ቈስሎ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። የሽልማቱን ወረቀት የፈረሙለት ኮሎኔል ራውል ሳላን ነበሩ። እኒሁ ሹም ከዐሥር ዓመት በላይ ቈይተው በአልጄሪያ የፈረንሳይ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ፤ ሸላሚውና ተሸላሚውም በአንድ ጦርነት በሁለት ወገን ቆሙ። ፋኖን ከጦር ሜዳ ይዞት የተመለሰው ግን ሜዳዩን ብቻ አልነበረም። ለአንድ ባንዲራ የሚሞቱ ወታደሮች በቆዳቸው ቀለም ከፍና ዝቅ ተደርገው ሲያዙ በዐይኑ አይቷል።

ከጦርነቱ በኋላ ሕክምና ለመማር ሊዮን ወደተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ሄደ። ከሕክምናው ትምህርት ጎን ለጎን የፍልስፍና ሊቅ የሆነው የሜርሎ ፖንቲ ትምህርት ሲሰጥ እየገባ ያዳምጥ ነበር። በዚህ ዘመን ያጋጠመውን አንድ ነገር በመጽሐፉ ተርኮታል። አንድ ነጭ ሕፃን ፋኖንን ባየ ጊዜ ደንግጦ መፍራቱን ለእናቱ ነገራት። ማንንም ያልነካ፣ ክፉ ቃል ያልተናገረ ሰው በመታየቱ ብቻ አስፈሪ ሆነ። ፋኖን ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ተረዳ። ሕፃኑ ይህን ፍርሃት ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አልተወለደም፤ ካሳደገው ኅብረተሰብ፣ ከተረቱና ከሥዕሉ ወሰደው እንጂ። የሚፈራውም ሰው በፈሪው ዐይን ራሱን ማየት ሲጀምር፣ አረማመዱና አነጋገሩ ሁሉ ጭንቀት የተቀላቀለበት ይሆናል። ስለዚህ ነገር የጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፉ አድርጎ ሊያቀርብ ቢያስብ መምህራኑ አልተቀበሉትም። እሱም በ1951 ስለ ነርቭ በሽታ ሌላ ጽሑፍ አቅርቦ ተመረቀ፤ የመጀመሪያውን ግን በ1952 «ጥቁር ቆዳ፣ ነጭ ጭምብሎች» በሚል ስም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው።

በዚያው ዓመት ስለ ሰሜን አፍሪካ የቀን ሠራተኞች አንድ ጽሑፍ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መላ ሰውነታቸውን እንደሚያማቸው ይናገራሉ። ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳብሶ፣ ደረታቸውን አዳምጦ ምንም ባያገኝ ውሸታሞች ወይም ሰነፎች ናቸው ብሎ ይሸኛቸዋል። ፋኖን ግን ጥያቄውን ለወጠው። የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ፣ ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው ያውቅ እንደ ሆነ ሳይጠየቅ ሕመምተኛው ተመርምሯል ማለት አይቻልም አለ። ሕመሙ እውነት ነው፤ ሥሩ ግን በሆዱ ሳይሆን መተማመኛ በሌለው ኑሮው ውስጥ ነው። ይህን ለመረዳት ለኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ልቤን ይመታኛል፣ ራሴን ይከብደኛል፣ ውስጥ ውስጡን ይበላኛል እያለ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የሚዞር ሰው በየሰፈራችን አለና።

ፋኖን ቀጥሎ በሴን ታልባን ሆስፒታል፣ ከስፔን ተሰዶ በመጣው በፍራንስዋ ቶስኬል ሥር የአእምሮ ሕክምና ሠለጠነ። በዚያ የተማረው ዋና ነገር፣ ሕመምተኛውን ለመፈወስ አስቀድሞ ሆስፒታሉ ራሱ መታከም እንዳለበት ነው። በር ተዘግቶበት ትእዛዝ ብቻ የሚሰማ ሕመምተኛ ፍርሃቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሥራ ሲሠራ፣ ሲሰበሰብና ሲነጋገር ግን ሰውነቱ ይመለስለታል።

በ1953 መጨረሻ በአልጄሪያ የብሊዳ የአእምሮ ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በዚያ አገር የነበሩት የቅኝ ገዢ ሐኪሞች አልጄሪያዊ በተፈጥሮው ቁጡና አእምሮው ያልዳበረ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ፋኖን አዲሱን ዘዴ በሁለት ክፍል ሞከረው። በአውሮፓውያን ሴቶች ክፍል ስብሰባው፣ የእጅ ሥራውና ጋዜጣው መልካም ፍሬ ሰጠ። በእስላሞቹ ወንዶች ክፍል ግን ሙከራው ከሸፈ። እሱና ረዳቱ ዣክ አዙሌ ጥፋቱን በሕመምተኞቹ ላይ አላሳበቡም። የሕዝቡን ባህል ሳያጠኑ የሌላ አገር ዘዴ እንዳለ መጫናቸው ስሕተት መሆኑን ተገንዝበው በ1954 ጻፉት። ከዚያም በሆስፒታሉ ግቢ እንደ አገሩ ልማድ ቡና ቤት ከፈቱ፤ ተረት ነጋሪ አስመጡ፤ በዓላቱም በሥርዓታቸው እንዲከበሩ አደረጉ። ዝም ብለው ይቀመጡ የነበሩት ሰዎች መናገር ጀመሩ።

በኖቬምበር 1954 የነፃነት ጦርነት ተጀመረ። ከዚህ በኋላ ወደ ፋኖን የሚመጡት ሕመምተኞች የተገረፉትና የገራፊዎቹ ሁለቱም ነበሩ። ከመዘገባቸው ታሪኮች አንዱን ማንሣት ይበቃል። በምርመራ ክፍል እስረኞችን ሲያሠቃይ የኖረ አንድ አውሮፓዊ ፖሊስ፣ ሌሊት ጩኸት እየተሰማው እንቅልፍ አጥቶ ለመታከም መጣ። ሐኪሙን ሲጠብቅ በግቢው ውስጥ ሲዘዋወር፣ ቀድሞ ካሠቃያቸው ሰዎች አንዱን ድንገት አየ። ፋኖን ሲደርስ ፖሊሱን ዛፍ ተደግፎ፣ በላብ ተጠምቆ ሲንቀጠቀጥ አገኘው። ያ የተሠቃየው ሕመምተኛ ደግሞ ሊወስደኝ መጣ ብሎ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ራሱን ሊያጠፋ ሲል ተደረሰበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ያ ሰው ወደ እስር ቤት የሚወስደው ማንም እንዳልነበረ ሐኪሞቹ እስኪያስረዱት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ከዚህ የምንረዳው ፍርሃት በአንድ ወገን ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ ነው። የሚያስፈራራ ሰው ያስፈራራበት ነገር ወደ ገዛ ቤቱ ይከተለዋል።

ፋኖን በጥዋት የሚያድነውን ሰው አገዛዙ ማታ መልሶ የሚያሳምመው ከሆነ ሕክምና ብቻውን ከንቱ መሆኑን ስላመነ፣ በ1956 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ። በጃንዋሪ 1957 ከአልጄሪያ ተባሮ ወደ ቱኒስ ሄደ። በዚያ ለነፃነት ግንባሩ ጋዜጣ እየጻፈ፣ በሆስፒታልም ሕመምተኞች ቀን ታክመው ማታ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ክፍል አቋቋመ። በ1960 በጋና የጊዜያዊው የአልጄሪያ መንግሥት አምባሳደር ሆነ፤ ወደ አዲስ አበባ የመጣውም በዚህ ዘመን ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደም ካንሰር እንደ ያዘው ታወቀ። ሞቱን እያወቀ «የምድር ጐስቋሎች» የተባለውን የመጨረሻ መጽሐፉን በ1961 ጨረሰ። ዲሴምበር 6 ቀን 1961 በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ በ36 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ በቱኒዝያ በኩል ድንበር ተሻግሮ በአልጄሪያ ምድር ተቀበረ። ሰባት ወር ቈይቶ በጁላይ 1962 አልጄሪያ ነፃ ወጣች፤ የብሊዳ ሆስፒታልም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ፋኖን የተጨቈነ ሕዝብ በመሣሪያ ኀይል ሲነሣ ከፍርሃቱ ይፈወሳል ብሎ ጽፏልና ብዙዎች ይነቅፉታል። ነቀፌታው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ የመጨረሻ ክፍል ሐኪሙ ለታጋዩ መልስ ሰጥቶታል። ለነፃነት ሲል ቦምብ አጥምዶ ዐሥር ሰዎች የሞቱበት አንድ ታጋይ፣ አገሩ ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ ያ ቀን በየዓመቱ ሲመለስ እንቅልፍ እንደሚያጣ ፋኖን ራሱ መስክሯል። ሐኪሙ ያየውን ላለመደበቅ የራሱን ሐሳብ የሚፈታተን ማስረጃ መጻፉ የሚያስከብረው ነው።

በኛም አገር ይህን የመሰለ የተባበረ ጥናት ቈይቷል። በ1960ዎቹ ሮበርት ጊል የተባለው የሆላንድ የአእምሮ ሐኪም፣ የኅብረተሰብ ጥናት ባለሙያ ከሆነው ከቫን ሉይክ ጋር፣ ያን ጊዜ ጊዮን ትባል በነበረችው በወሊሶ ስለ መንፈስ ልክፍትና ስለ ባህላዊ ፈውስ መርምረዋል። ኋላም በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች የተጠየቁበት የአእምሮ ጤና ጥናት ተደርጓል። ከልደታ እምብዛም የማይርቀው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ መኖሩን ስናስብ፣ ሸክሙን ለሐኪሞች ብቻ መተው እንደማይገባ ግልጽ ነው።

ሸክሙ ከሚነካቸውም አንዱ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደጅ መጥናት በአገራችን የቈየ ነገር ነው። በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ወረቀቱን ይዞ፣ ስሙ የሚጠራበትን ሰዓት ሳያውቅ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ልቡ ሲመታ፣ ያን ፍርሃት የፈጠረው የሰውየው አእምሮ ብቻ አይደለም፤ ጠረጴዛው፣ ዝምታውና የተዘጋው በር ጭምር ነው። ዛሬ ይፈጸማል ወይም አይፈጸምም፣ የማይፈጸመውም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ በግልጽ የሚነግር ጸሐፊ፣ መድኀኒት ሳያዝዝ ጭንቀት ያቃልላል። ነገ ተመለስ ብቻ ብሎ የሚሸኝ ግን፣ ሳያውቀው፣ ሐኪሙ ምክንያቱን ዳብሶ የማያገኘውን ሕመም ወደ አንድ ቤተሰብ ይልካል። ፋኖን በሊዮን ሆስፒታል ያነሣውን ጥያቄ፣ ይኸውም ይህ ሰው የሚኖረው እንዴት ነው የሚለውን፣ ተማሪው በጥናቱ፣ ሹሙ በሥራው ቢያነሣው፣ ከዚህ አጭር ሕይወት ከሚገኘው ትምህርት ዋናውን ይዟል እንላለን።