ሬኔ ዳቪድ እና አላግባብ የመበልጸግ ሕግ፦ ከፈረንሳይ እስከ ሻሸመኔ

የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 በፓሪስ ተወለዱ። በግሬኖብል፣ በፓሪስና በኋላም በኤክስ አን ፕሮቫንስ ሕግ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ንጽጽራዊ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያሳተሙት መጽሐፍ በዘርፉ ስማቸውን ካስጠሩት ሥራዎች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲያረቅቁ ኃላፊነት ሰጣቸው። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ በሕግ አርቃቂው ኮሚሽን ከተመረመረ በኋላ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። 3,367 አንቀጾች ያሉት ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ።

ዳቪድ የአገራቸውን ሕግ እንዳለ አለመገልበጣቸው በግልጽ ከሚታይባቸው ክፍሎች አንዱ አላግባብ መበልጸግን የሚመለከተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ያለ ዕዳ የተከፈለን ገንዘብ ስለ ማስመለስ ቢደነግግም፣ ጠቅላላ መርህ ግን አልነበረውም። መርሁን ያስገኘው የሰበር ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1892 የሰጠው ውሳኔ ነው። መርሁ በፈረንሳይ ሕግ መጽሐፍ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ማሻሻያ ነው። ጀርመንና ስዊዘርላንድ በበኩላቸው መርሁን ቀደም ብለው በሕጋቸው አካትተውት ነበር። ዳቪድም ጉዳዩን ለዳኞች ፈጠራ ሳይተዉ ከአንቀጽ 2162 እስከ 2178 ባለው ክፍል ደነገጉት። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከፈረንሳይ በግማሽ ምዕተ ዓመት ቀደመች።

ልዩነቱ የጊዜ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳና ከባሌ የሚመጡ መንገዶች በሚገናኙባት በሻሸመኔ አንድ የድንች ነጋዴ ጭነቱ በስህተት በጎረቤቱ መጋዘን ተራገፈበት እንበል። ጎረቤቱ የራሱ መስሎት ሸጦ 100,000 ብር አተረፈበት፤ የነጋዴው ጉዳት ግን 80,000 ብር ነው። በፈረንሳይ ካሣው ከሁለቱ መጠኖች ከአነስተኛው አያልፍም፤ ስለዚህ 80,000 ብር ይሆናል። አንቀጽ 2162 ግን መለኪያ ያደረገው የበለጸገው ሰው ያገኘውን ጥቅም ነው። ቃሉ እንዳለ ከተተረጎመ ነጋዴው 100,000 ብር ሊጠይቅ ይችላል። የ20,000 ብሩ ልዩነት ሕጉ የከሳሹን ጉዳት ይክሳል ወይስ ተከሳሹ ያለ አግባብ ያገኘውን ይወስድበታል ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የክስ ቅደም ተከተልን ይመለከታል። በፈረንሳይ ይህ ክስ የሚቀርበው ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው፤ ከሳሹ ሌላ ክስ እያለው በይርጋ ቢያጣው ወደዚህ መሸሽ አይችልም። በአንቀጽ 2162 ቃል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ገደብ የለም። ገደቡ በትርጉም ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ጥያቄ የይርጋ ድንጋጌዎችን ዋጋ የሚወስን በመሆኑ ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል አንቀጽ 2163 በቅን ልቦና የተቀበለና ክስ ሲቀርብበት ጥቅሙ በእጁ የሌለን ተከሳሽ ይታደጋል። ይህም የስዊዘርላንድንና የጀርመንን ሕግ ያስታውሳል።

በዳቪድ ሥራ ላይ ከሚሰነዘሩት ነቀፌታዎች ዋነኛው ከአንቀጽ 3347 ጋር የተያያዘ ነው። ይህ አንቀጽ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዶች ሽሯል። ይሁን እንጂ በምዕራብ አርሲም ሆነ በሌላ ስፍራ የአገር ሽማግሌዎች ዛሬም ይዳኛሉ። የሰው ገንዘብ ያለ አግባብ መያዝ ነውር መሆኑ ለእነርሱ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ስለዚህ በዚህ ክፍል ሕጉና ልማዱ ከሚጋጩበት የሚቀራረቡበት ይበዛል።

ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለምን ታላላቅ የሕግ ሥርዓቶች የሚያነጻጽረውን እውቅ መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በሞት ተለዩ። ካረቀቁት ሕግ የቤተሰብና የመሬት ድንጋጌዎች በኋለኞቹ አዋጆች ብዙ ተለውጠዋል። አላግባብ መበልጸግን የሚመለከቱት አንቀጾች ግን እስከ ዛሬ የፍርድ መሠረት ናቸው፤ የካሣውን ልክና የክሱን ወሰን በትርጉም ማጽናት የኢትዮጵያ ዳኞችና ተመራማሪዎች ድርሻ ነው።